የሳክሶኒን 120 ወንበር በኤክሴል እንዴት እንዳሰላሁት

በምሥራቅ ጀርመኗ ሳክሶኒ ነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024) የግዛቱ ምክር ቤት፣ የላንድታጉ፣ ምርጫ ተደረገ። በመጀመሪያ የወጣው ጊዜያዊ ድልድል እንዲህ ነበር፦ ሴዴኡ (ክርስቲያን ዴሞክራቶች) 42፣ አኤፍዴ (አማራጭ ለጀርመን) 41፣ የሳራ ቫገንክኔሽት ኅብረት 15፣ ሶሻል ዴሞክራቶች 9፣ አረንጓዴዎች 6፣ ግራ ፓርቲ 6፣ ነጻ መራጮች 1። በማግስቱ የግዛቱ ምርጫ ኃላፊ በሶፍትዌር ስህተት ምክንያት የተሳሳተ ድልድል መውጣቱን ገልጾ ቁጥሩን አረመ፦ 41፣ 40፣ 15፣ 10፣ 7፣ 6፣ 1። ልዩነቱ የመጣው ከድምፅ ቆጠራው አይደለም፤ ድምፁ ወደ ወንበር ከሚቀየርበት ስሌት ነው። ሁለቱም ድልድሎች ከየት እንደመጡ ለማወቅ ሁለቱንም መልሼ ሠራኋቸው።

ስሌቱን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሚገባበት ለየሁ። እኛ አገር በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በሳክሶኒ ግን መራጩ ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱን ለአካባቢው ዕጩ፣ ሌላውን ለፓርቲ ዝርዝር ይሰጣል። ከ120ው ወንበር 60ው በምርጫ ክልል ይያዛል፤ የእያንዳንዱን ፓርቲ ጠቅላላ ድርሻ የሚወስነው ግን የዝርዝሩ ድምፅ ነው። ድልድሉ ውስጥ ለመግባት ከዝርዝር ድምፅ 5 በመቶ ማግኘት፣ ወይም ቢያንስ ሁለት የምርጫ ክልል ማሸነፍ ያስፈልጋል። ግራ ፓርቲ ያገኘው 4.5 በመቶ ቢሆንም ላይፕሲግ ውስጥ ሁለት ክልል ስላሸነፈ ገባ። ነጻ መራጮች 2.3 በመቶና አንድ ክልል ብቻ ነው ያላቸው፤ ያሸነፈው ዕጩ ወንበሩን ይይዛል፣ የፓርቲው የዝርዝር ድምፅ ግን አይቆጠርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ አንድ ወንበር ከ120 ላይ አስቀድሞ መቀነስ አለበት፤ ለስድስቱ ፓርቲዎች የሚከፋፈለው 119 ነው። ሳይቀንሱ ቢያሰሉ ምክር ቤቱ 121 ሰው ይሆናል፣ ሴዴኡም ያለ አግባብ 42 ይይዛል።

የስድስቱ ድምፅ በመቶኛ 31.9፣ 30.6፣ 11.8፣ 7.3፣ 5.1 እና 4.5 ነው፤ ድምሩ 91.2። ይህን ለ119 ሳካፍል 0.7664 መጣ። ይህን የአንድ ወንበር ዋጋ ብዬ ያዝኩት። የእያንዳንዱን ፓርቲ ድምፅ ለዚህ ዋጋ ሳካፍል ሴዴኡ 41.62፣ አኤፍዴ 39.93፣ ቫገንክኔሽት 15.40፣ ሶሻል ዴሞክራቶች 9.53፣ አረንጓዴዎች 6.65፣ ግራ ፓርቲ 5.87 ሆነ። ሳክሶኒ በዚህ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመችበት ሳንት ላጉ የሚባለው ዘዴ ቁጥሩን ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ ወደ ላይ፣ ከግማሽ በታች ከሆነ ወደ ታች። ድምሩ 42፣ 40፣ 15፣ 10፣ 7፣ 6፣ ማለትም 120 መጣ። አንድ ይበልጣል። እንዲህ ሲሆን ዋጋውን በጥቂቱ ከፍ እያደረጉ አንዱ ፓርቲ ከግማሽ በታች እስኪወርድ መጠበቅ ነው።

ዋጋውን 0.7685 ሳደርሰው ሶሻል ዴሞክራቶች 9.499 ሆኑና ወደ 9 ወረዱ፤ ሴዴኡ 41.51 ላይ ቆሞ 42ን ያዘ። ድምሩ 119 ሞላ፣ ስሌቱ ያለቀ መሰለኝ፤ ግን ከታረመው ይፋዊ ድልድል ጋር አይገጥምም። ችግሩ ዘዴው ሳይሆን ያስገባሁት ቁጥር ነበር። 7.3 የተባለው ከ7.25 እስከ 7.35 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። ሶሻል ዴሞክራቶች አሥረኛውን ወንበር የሚያጡበት ዋጋ በዚያ ልክ ከ0.763 እስከ 0.774 ይወዛወዛል። ሴዴኡ 42ኛውን የሚያጣበት 0.769 አካባቢ ደግሞ መሐል ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ አሃዝ የተጠጋጋ መቶኛ ማን ቀድሞ እንደሚወርድ ሊናገር አይችልም። መቶኛውን ትቼ ሙሉውን የድምፅ ብዛት ሳስገባ ቀድሞ የወረደው ሴዴኡ ሆነ፤ 41 እና 10። ከዚያ ወዲህ መቶኛ ለማንበብ እንጂ ለማስላት አልጠቀምበትም።

ቀጥዬ የመጀመሪያውን የተሳሳተ ድልድል ፈለግሁት። ሳክሶኒ ከዚህ በፊት ትጠቀምበት በነበረው ዶንት በሚባለው ዘዴ ማጠጋጋት የለም፤ ከነጥብ በኋላ ያለው ሁሉ ይጣላል። የሁሉም ትርፍራፊ ሲጣል ወንበሩ ስለማይሞላ ዋጋው መርከስ አለበት። 0.745 ላይ ሴዴኡ 42.82፣ አኤፍዴ 41.07፣ ቫገንክኔሽት 15.84፣ ሶሻል ዴሞክራቶች 9.80፣ አረንጓዴዎች 6.85፣ ግራ ፓርቲ 6.04 ይሆናል። ነጥቡን ስንጥል 42፣ 41፣ 15፣ 9፣ 6፣ 6። መጀመሪያ የወጣው ድልድል ቁጥር በቁጥር ይኸው ነው።

ዶንት ትልልቆቹን የሚጠቅመው ለምንድን ነው ለሚለው፣ ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ዋጋው ከ0.7685 ወደ 0.745 ሲረክስ ሴዴኡ ከ41.5 ወደ 42.8 ይወጣል፤ ሶሻል ዴሞክራቶች ከ9.5 ወደ 9.8 ብቻ። ዕቃ ሲረክስ የሚያተርፈው ብዙ የሚገዛው ነው። ሶሻል ዴሞክራቶችና አረንጓዴዎች ደግሞ 0.80 እና 0.85 ወንበር ይዘው ደጅ ይቀራሉ።

ውጤቱን ሳረጋግጥ ሁለት ነገር ጨምሬ አያለሁ። አንዱ፣ በምርጫ ክልል ያሸነፉት ከጠቅላላ ድርሻቸው እንዳይበልጥ ነው፤ አኤፍዴ 28፣ ሴዴኡ 27 ክልል ስላሸነፉ እዚህ ችግር አልነበረም። ሌላው የዝርዝሩ ርዝመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአኤፍዴ ዝርዝር በፍርድ ቤት ውሳኔ በ30 ዕጩ ተወስኖ ስለነበር የሚገባውን አንድ ወንበር የሚሞላ ሰው ጠፋ፣ ምክር ቤቱም በ119 ሰው ሠራ። ስሌቱ የሚሰጠው ድርሻ ነው፤ ሰው መኖሩን አያይም።

የአንድ ወንበር ለውጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚታየው በሁለት ሦስተኛው ላይ ነው። ሕገ መንግሥት ለማሻሻልም ሆነ የግዛቱን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኞች ለመምረጥ ከ120ው 80 ድምፅ ያስፈልጋል። አኤፍዴ 41 ቢይዝ የቀሩት ሁሉ ተባብረው 79 ናቸው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ምንም አያልፍም። በ40 ግን የቀሩት ልክ 80 ናቸው፤ አንድም ሰው ሳይጎድል መገኘት አለባቸው።

ለመንግሥት ምሥረታ ግን እርማቱ ብዙም አልለወጠም። ሴዴኡና ሶሻል ዴሞክራቶች በፊትም 42 ሲደመር 9፣ በኋላም 41 ሲደመር 10፣ ያው 51 ናቸው፤ ለአብላጫ 61 ያስፈልጋል። የሴዴኡው ሚኻኤል ክሬችመር በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሁለተኛ ዙር ድምፅ አሰጣጥ የግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተመርጠው ከሁለቱ ፓርቲዎች አብላጫ ወንበር የሌለው መንግሥት መሠረቱ፤ ሁሉም አባላት ድምፅ ከሰጡ ለእያንዳንዱ ረቂቅ ሕግ ከሌሎች ፓርቲዎች አሥር ድምፅ መፈለግ ይኖርባቸዋል።