ዘጠነኛው ባር

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ቆመዋል። ነጠላቸውን ተከናንበዋል። በአንድ እጃቸው ቫዝሊን፣ በሌላው የቁስል ፕላስተር ይዘዋል።

«ጣትህን አሳየኝ» አሉኝ።

«ምነው እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እኔ ምን እሆናለሁ፣ አንተ እንጂ! ሦስት ወር ሙሉ ስሰማህ ነው የከረምኩት። ትወቅጣለህ፣ ትወቅጣለህ፣ ከዚያ ‹ኤጭ!› ትላለህ። ደሞ ትወቅጣለህ፣ ‹ኤጭ!›። የሰው ጣት ስንቴ ይወቀጣል? ካልቻልክበት የተፈጨ አትገዛም፣ ልጄ?»

ከዚያ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩና ዋናውን ጥያቄ አመጡት።

«ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ቡና ማነው የሚጠጣልህ? አንድ ቀን እንኳ ‹ኑ፣ ቡና ጠጡ› ብለኸኝ አታውቅም።»

በቤቴ ሙቀጫ የለም። ያለው 61 ቁልፍ ያለው ያገለገለ የፒያኖ ኪቦርድ ነው። ጎረቤት እንዳልረብሽ ብዬ ሄድፎን አድርጌ ነበር የምለማመደው። በጣም ጨዋ ሰው እንደሆንኩ እያሰብኩ። ለካ ሄድፎን የሚደብቀው ሙዚቃውን ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ሲመታ፣ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ፣ እግሬ ወለሉን ሲረግጥ፣ ያ ሁሉ በኮንዶሚኒየሙ ኮንክሪት አልፎ እትዬ ጣሪያ ላይ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ ይላል። ለእኔ ትዝታ፣ ለእሳቸው ሙቀጫ።

«ኤጩ» ግን ከእኔው አፍ ነው። እንደምለው እንኳ አላውቅም ነበር።

ፒያኖ የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሊቅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ጓደኛዬ «ጥቁሮቹን ብቻ ንካ» አለኝ። ነካሁ። ጉድ ነው! ጥቁሮቹ አምስት አምስት ሆነው ነው የሚደጋገሙት፣ አምስቱን ከትክክለኛዋ ከጀመርካቸው ደግሞ የትዝታ ቅኝት ቁጭ ይላል። ዓይንህን ጨፍነህ ብትደበድባቸውም አገር ቤት አገር ቤት ይሸታሉ። ቪዲዮ ቀርጬ ለቤተሰብ ግሩፕ ላኩ። እማዬ አለቀሰች። አጎቴ «ይሄ ልጅ እስከዛሬ የት ነበር?» ብሎ ጻፈ። ያቺ ቪዲዮ ናት በኋላ ጉድ የሠራችኝ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አነበብኩ። በወጣትነታቸው ካይሮ ሲማሩ በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር ይባላል፣ አራቱን ፒያኖ፣ አምስቱን ቫዮሊን። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ለ9 ሰዓት ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ሦስተኛው ላይ የእጄ አንጓ ጣውላ ሆነ። እሑድ እንጀራ የበላሁት በግራ እጄ ነው፣ ለዚያውም እናቴ እንዳታይ ዞር ብዬ። ከዚያ ለአሥር ቀን ኪቦርዱን አልነካሁትም።

አስተማሪ ያዝኩ። ጡረታ የወጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰውዬ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። «በቀን ሃያ ደቂቃ፣ በየቀኑ» አሉኝ። እሺ አልኩ። አንዲት ቀላል በትዝታ ቅኝት የተሠራች ዜማ ሰጡኝ፣ አሥራ ስድስት ባር። ባር ማለት ሙዚቃ ላይ ምቱ የሚከፋፈልባት ክፍል ናት። ይህን እዚህ የማብራራው በምክንያት ነው፣ ለእናቴ ሳላብራራ ቀርቼ ጉድ ስለሆንኩ።

በስልክ «እንዴት ነው ፒያኖው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው እማዬ፣ ግን ማታ ማታ ዘጠነኛው ባር ላይ እወድቃለሁ።»

ረጅም ዝምታ።

«ስምንቱን አልፈህ ነው?»

«ስምንቱንማ ምንም አልልም፣ እንደ ውሃ ነው።»

በማግስቱ ስለት ተሳለች። ነገሩ ተጣርቶ ስለቱ እስኪነሳልኝ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ዘጠነኛው ባር ላይ የሚሆነው ይሄ ነው። ዜማው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣቶቼ ደግሞ ያልቃሉ። ስለዚህ አውራ ጣት በመሃል ጣት ስር ሾልኮ ማለፍ አለበት። የእኔ አውራ ጣት ግን እዚያ ሲደርስ ታክሲ ያመለጠው ሰው ይመስል ቆሞ ይቀራል። አንድ ቀን በሦስተኛው ጣት እሞክራለሁ፣ በማግስቱ በአራተኛው። ሲበላሽ «ኤጭ!» እላለሁ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እንደገና ስምንት ባር እንደ ውሃ፣ «ኤጭ!»፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በየምሽቱ ሃያ ደቂቃ፣ ለሦስት ወር። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ሐቁ ሲነገር፣ እኔ ያጠናሁት ስምንት ባር ዜማና አንድ «ኤጭ» ነው።

እትዬን ይቅርታ ጠይቄ፣ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አድርጌ አሰማኋቸው። ስምንቱን ባር እየተወዛወዙ ሰሙ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ እሳቸው ቀደሙኝ። «ኤጭ!» አሉ። በማግስቱ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፌ ከጠረጴዛው እግሮች ስር አነጠፍኩ። ዱቅታው ቀነሰ።

በግንቦት የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሆነ። መልሱ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር፣ አዳራሹ ጥግ ላይ ደግሞ ጥቁር ፒያኖ ቆሟል። አጎቴ ፒያኖውን አየ። እኔንም አየኝ። ያቺን ቪዲዮ አስታወሰ። ሦስት ጊዜ «ተወኝ እባክህ» አልኩት። አራተኛው ላይ ማይክ ይዞ ስሜን ጠርቶ ነበር።

ተቀመጥኩ። ዶ ማለት የዶ፣ ሬ፣ ሚ መጀመሪያ ነው፣ በእኔ ኪቦርድ መሃለኛው ዶ ከግራ ሦስተኛው ዶ ነው። ከግራ ቆጠርኩና ሦስተኛው ላይ እጄን አሳረፍኩ። እውነተኛ ፒያኖ ግን 88 ቁልፍ ነው ያለው፣ መሃለኛው ዶ አራተኛው ነው። ስለዚህ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ያህል፣ ዝቅ ብዬ ጀመርኩ። ዜማው ሙሽራ የሚቀበል ሳይሆን አስከሬን የሚሸኝ መሰለ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየሁ። ቶሎ ብዬ ወደ ቀኝ ተንሸራተትኩ። ቁልፎቹ ደግሞ ከእኔ ኪቦርድ ይልቅ ይከብዳሉ፣ ጠንከር አድርገህ ካልተጫንክ ድምፅ አይሰጡም። ያም ሆኖ ስምንት ባር እንደ ውሃ ሄደ።

አጎቴ ድምፁ እንዲሰማ ብሎ ማይኩን አጠገቤ አቁሞታል።

«ኤጭ!»

በአራት ስፒከር ነው የወጣው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። እጆቼ ግን አልጠየቁኝም። ሦስት ወር የለመዱት ከ«ኤጭ» በኋላ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው፣ ተመለሱ። ስምንት ባር፣ «ኤጭ!»። አሁን ልጆች ሳቁ። በሦስተኛው ዙር ሚዜዎቹ አብረውኝ አሉት። በአራተኛው ጠቅላላ አዳራሹ «ኤጭ!» አለ፣ አጎቴ እስክስታውን አቀለጠው፣ ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ተነሳች። በአምስተኛው ዙር ስምንተኛው ባር ላይ እጄን አንስቼ ሸሸሁ። ጭብጨባ!

ነጠላ ያዘቀዘቁት አሮጊት ስወጣ ያዙኝ። «ያቺ ‹ኤጭ› የምትለዋ የየት አገር ናት?» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ መለሱልኝ። «የወሎ ናት። ትዝታ ሲጠናበት ሰው እንዲያ ይላል።»

ለጋሼ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ «እስቲ ከዘጠነኛው ባር ጀምር» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ። ባዶ። የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ከመጀመሪያው ተንደርድሬ ካልመጣሁ በቀር እዚያ መድረስ አልችልም።

«ፊደል የት ነው የቆጠርከው?» አሉኝ።

«የኔታ ጋ።»

«የኔታ ከሀሁ ቀጥሎ ምን አስቆጠሩህ?»

«አቡጊዳ።»

«ለምን ይመስልሃል?»

አሁን ገባኝ። ልጅ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ በዜማ ይወርዳል፣ ፊደሉን ግን ላያውቀው ይችላል። የኔታ በስንደዶ መሃል ላይ ጠቁመው «ይሄስ ማነው?» ሲሉት ይጠፋዋል፣ ከሀ ጀምሮ በሆዱ ካልወረደ አይመጣለትም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ያስቆጥሩታል። «አንተ ዜማዋን ሀሁ ነው የቆጠርካት» አሉኝ ጋሼ። እርሳስ አንስተውም ዘጠነኛው ባር ላይ የጣቶቹን ቁጥር ጻፉልኝ፣ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5። ከዛሬ ጀምሮ ሁሌም በዚሁ ጣት ብቻ። መጀመሪያ ቀኝ እጅ ለብቻ፣ ከዚያ ግራ ለብቻ፣ በቀንድ አውጣ ፍጥነት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካልተስተካከለ ወደ አሥረኛው ማለፍ የለም። እሱ ሲስተካከል ከስምንተኛው የመጨረሻ ድምፅ ወደ ዘጠነኛው ማገናኘት። ከመጀመሪያው መጀመር በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ቅዳሜ።

ፍጥነቱን ለመጠበቅ መትሮኖም በስልኬ ጫንኩ። ሜልዝል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1815 በስሙ ያስመዘገበው መሣሪያ ነው፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ምት ይቆጥርልሃል። ጠላሁት። ያን ያህል ዝም ብሎ የሚወቅስ ነገር አይቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ግን እትዬ እውነተኛውን ሙቀጫ ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን በስልኬ ለካሁት፣ በደቂቃ 66 ምት፣ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። የልምምድ ሰዓቴን ወደ ጠዋት አዞርኩ። እሳቸው ይወቅጣሉ፣ እኔ ከላይ በእሳቸው ምት ዘጠነኛውን ባር እመላለስበታለሁ። ዘነዘናው ሲቆም እኔም አርፋለሁ። ዘነዘናው የሚቆመው ቡናው ሲደቅ ነው፣ ያ ደግሞ ጋሼ ካሉት ሃያ ደቂቃ በታች ነው። አንዳንዴ ትንሽ ጨምረው እንዲወቅጡ እመኝ ነበር።

«ኤጩን» ለማስቀረት ደግሞ ቅጣት አወጣን። አንድ «ኤጭ» አሥር ብር። ቆጣሪዋ እትዬ ናቸው፣ ከታች ሆነው ሲሰሙ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን አንዴ ይመታሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የወተት ቆርቆሯቸውን ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሳምንት 410 ብር ከፈልኩ። በገንዘቡ ቡና ገዙና ጠሩኝ። በሁለተኛው ሳምንት 180 ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት አንድም አልነበረም፣ እትዬ ፊታቸው ቅር ብሎት ከበር ተመለሱ። «ምነው ዝም አልክ፣ ታመሃል እንዴ?»

ለአዲስ ዓመት ዘመዶቼ ሁሉ እኔ ቤት መጡ። እትዬ ጀበናቸውን ይዘው ወጡ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ አጎቴ ወደ ኪቦርዱ አየ። በዚህ ጊዜ አልተለማመጥኩም። ሄድፎኑን ነቅዬ ተቀመጥኩ። ስምንት ባር እንደ ውሃ። አውራ ጣቴ በመሃል ጣቴ ስር እንደ ሐር ሾለከ። ዘጠነኛውን ባር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አለፍኩት።

«ኤጭ!!»

ቤቱ በሙሉ። አጎቴ፣ አክስቴ፣ ሙሽሮቹ፣ ሕፃናቱ፣ እናቴ ሳትቀር። ዜማው እንደዚያ የተሠራ ነው የመሰላቸው። ደነገጥኩና አሥረኛው ባር ጠፋኝ፣ እጆቼም ሳልነግራቸው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

እትዬ ረከቦቱን ገፋ አድርገው ተነሱ። በዓይናቸው ሰዉን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«አሥራ አራት» አሉና ቆርቆሮውን ለአጎቴ ዘረጉለት። «አሥር አሥር ብር።»