የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ወር፦ ዕጣው ሎተሪ ሆኖ ተገኘ

ባለፈው ወር ምዕራፍ ሁለትን ጨርሻለሁ ብያችሁ ነበር። አልጨረስሁም፤ እንዲያውም ግማሹን ሰርዤዋለሁ።

ጥናቴ በገበያ ሴቶች ዕቁብ ላይ ነው። ቻትጂፒቲን ተዛማጅ ጽሑፎች እንዲጠቁመኝ ብጠይቀው ስድስት ሰጠኝ፤ የደራሲ ስም፣ ዓመት፣ ቅጽና ገጽ ሳይቀር። ሁለቱ የትም የሉም። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ይኸው መሣሪያ የፈጠረላቸውን የፍርድ ውሳኔ ለፍርድ ቤት አቅርበው ከነቢሯቸው 5,000 ዶላር መቀጣታቸውን ሳነብ ስቄባቸው ነበር።

ዋቢውስ ይሰረዛል። የከበደኝ ትርጉሙ ነው። ቃለ መጠይቆቼ በአማርኛ፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ እናት «ዕጣዬን ለታመመችው ጎረቤቴ ለቀቅሁላት» ብለውኛል። እንዲተረጉምልኝ ብሰጠው ማሽኑ የሎተሪ ቲኬታቸውን እንደ ሰጡ አድርጎ በሚያምር እንግሊዝኛ ጻፈው። የዕቁቡን ዳኛም ችሎት ላይ አስቀምጦታል። ሦስት ጊዜ አንብቤው አለፍሁ፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ስለሚሻል አመንሁት። አማካሪዬ ግን ገና ሲያዩት «እኚህ ሴት ሎተሪ ይቆርጣሉ እንዴ?» አሉኝ።

የራሴን አንቀጽ ጽፌ ግሡን አስተካክልልኝ ማለት፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ጓደኛን ከመጠየቅ አይለይም። የኮረጅሁት የጥናት ዘዴው ምዕራፍ ላይ «ትርጉሙ የአጥኚው ነው» ብዬ ስጽፍ ነው። ማሽኑ መተርጎሙን ብናገርና ከድምፁ ጋር ባመሳክረው ኖሮ የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም።

አንዳንዶቻችሁ የማሽን ጽሑፍ በሚለይ ሶፍትዌር ፈትሸው ብላችሁኛል። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በሰባት መለያዎች ቢያስፈትሹ፣ በአማካይ ከግማሽ በላዩ የማሽን ሥራ ነው ተባለ። ያለ ጥፋቱ የሚጠረጠረው እንግዲህ እንደ እኛ ያለው ነው። የእኔን ሎተሪ ደግሞ አንዱም አይይዘውም ነበር።

አሁን ቃለ መጠይቆቹን ከድምፅ ቅጂው ጀምሬ ራሴ እየተረጎምሁ ነው፤ ከ14ቱ አራተኛው ላይ ደርሻለሁ። «ዕጣ»ን እንዳለ ትቼ በግርጌ ማስታወሻ ላብራራው ወይስ በእንግሊዝኛ «ተራ» ልበለው፣ ገና አልወሰንሁም። ዕቁብ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።