ኮሌታዬ ላይ የቀረችው ላባ

ካልጻፍኩት አይወጣልኝም መሰለኝ። ቅዳሜ ካናዳ ውስጥ ከቫንኩቨር ደሴት ሰሜን ጫፍ፣ ከፖርት ማክኒል በፌሪ ተሻግረን አለርት ቤይ ሄድን፣ ክዋክዋካዋክው የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ጋ። እኔማ ዓሣ ነባሪ አያለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ትልቁ ቤት የሚሉት አዳራሽ ወለሉ አፈር ነው፣ መሀሉ ላይ እሳት ይነዳል፣ ወንዶቹ አንድ ረጅም ግንድ ከበው በዱላ ይመቱታል። ከዛ አንዱ ወጣ፣ ግንባሩ ላይ ከእንጨት የተቀረጸ ፊት አስሯል፣ ዙሪያው ላይ አባሎኒ የሚባል የባህር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተለጥፎ እሳቱ በነካው ቁጥር አረንጓዴ ሰማያዊ ይላል፣ ከኋላው ኧርሚን የምትባል ሙጭልጭላ የምትመስል አውሬ ነጫጭ ቆዳ ተዘናፍሏል፣ አናቱ ላይ የቆመውን እኔ ሽቦ ብዬው ለካ የባህር አንበሳ ጢም ነው! በጢሙ አጥር ውስጥ የንስር ለስላሳ ላባ ይሞሉበታል። ሰውዬው እየጨፈረ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርገው ላባው በጢሙ መሀል እየሾለከ ይበናል፣ ልክ እማዬ ጥጥ ስትነድፍ እንደሚበነው። በፎቶ ሳየው ቆብ ነገር ነበር የሚመስለኝ፣ ለካ ካልጨፈሩበት ግማሹ የለም።

አንዷ ጃኬቴ ላይ አረፈች። ላራግፋት ስል አጠገቤ የነበሩት አሮጊት እጄን ያዝ አደረጉና "ተያት፣ ሰላም ናት" አሉኝ። አፈርኩ።

ኡሚስታ የሚባለው ማዕከላቸው ውስጥ ደግሞ ታሪኩን አነበብኩት። ካናዳ ፖትላች የሚሉትን ድግሳቸውን ከ1885 እስከ 1951 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በህግ ከልክላ ነበር። በ1921 ታህሳስ ቪሌጅ አይላንድ ላይ ተደብቀው ደገሱ፣ 45 ሰው ተከሰሰ፣ ወንጀላቸው ምን መሰላችሁ፣ ጨፈራችሁ፣ ንግግር አደረጋችሁ፣ ስጦታ አደላችሁ። ጌጡን ያስረከበ መንደር ሰዎቹ ይለቀቁለታል ተባለ፣ የቀሩት እስር ቤት ወረዱ፣ ጭምብሉም የራስ ጌጡም ኦታዋ፣ ቶሮንቶ፣ ኒውዮርክ ተበተነ። አንደኛው ፓሪስ ድረስ ሄዶ ገጣሚው አንድሬ ብረቶን ቤት ነበር፣ ልጁ በ2003 መለሰችላቸው። ኡሚስታ ማለት በቋንቋቸው ድሮ የተማረከ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚባል ነው፣ መመለስ እንደማለት፣ ስሙ ራሱ አንጀት ይበላል። ማዕከሉ በ1980 ሲከፈት የተመለሱትን ጭምብሎች መስታወት ውስጥ አልከተቷቸውም፣ እኔ እንኳ የታሰሩት አይበቃም ወይ ብዬ ልከራከር ተዘጋጅቼ ነበር።

ስንመለስ ፌሪው ላይ ነፋሱ ጉድ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ እኔ ኮሌታዬን ጨብጬ ተሻገርኩ።