ከዳነች መልሳት

ዛሬ ባሕር ዳር ላይ አንዲት ውሻ ከጣና ዳር ወደ እንስሳት ሐኪም ለመውሰድ አራት ባጃጅ ለመንኩ። ሦስቱ እንዳዩዋት ነዱት። አራተኛው «እጥፍ ትከፍላለህ፤ ወንበሩንም ታጥባለህ» አለኝ። እሺ አልኩ።

አንገቷን ያየ ሰው አይከራከርም። ቡችላ ሳለች የታሰረችበት ገመድ ነው፤ ስታድግ ያላላላት የለም። ሥጋዋ ውስጥ ሰምጦ ጸጉር ሸፍኖታል። ሐኪሙ በመቀስ ሲቆርጠው አልነከሰችም፤ ጭራዋን ቆላች።

በባለባጃጆቹ አልፈርድም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም። ግን ይህን ያህል የምንፈራ ሰዎች ውሾቻችንን ለምን አናስከትብም?

ማታ ባለቤቷ ደወሉ። ጠዋት «ውሰድልኝ፣ ብትሞትም ግድ የለኝም» ያሉት ሰውዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ከዳነች መልሳት፤ ግቢው ጠባቂ የለውም።»

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ስሟን ጠየቅኳቸው።

«መቻል» አሉኝ።