ቶናውስ የታለ?

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። አቦሉ ተቀድቶ ሲኒዬን እንደያዝኩ፣ «እማ፣ ሰማይ ላይ አቦል የሚባል ፕላኔት እንዳለ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ማነው ስሙን ያወጣለት?»

«እኛው ነን፤ ኢትዮጵያውያን።»

ዝም ብላ ቆየችና፣ «ቶናውስ የታለ?» አለች።

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 12 ዓመቴ ነው። ስለ ፕላኔት ስም እንዲህ ነገሩን ከሥሩ የሚይዝ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

የሰማይ አካላትን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው። በፈረንጆቹ 2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለየአገሩ አንድ ኮከብና እሱን የሚዞር አንድ ፕላኔት እየመደበ ስም አውጡላቸው አለ። ከ110 በላይ አገሮች ስም አወጡ። ለእኛ የደረሰን ኮከብ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በመዝገብ ቁጥሩ ነበር፤ ኤችዲ 16175። ፕላኔቱ ደግሞ እዚያው ቁጥር ላይ «ቢ» የምትል ፊደል ተቀጥላለት። «ኤ» የኮከቡ ናት ተብሎ ስለሚታሰብ መጀመሪያ የተገኘ ፕላኔት ከ«ቢ» ይጀምራል። አሁን ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ይባላል።

አወጣጡ ሕግ ነበረው። በሕይወት ያለ ሰው ስም አይሆንም። የንግድ ስምም አይሆንም። በላቲን ሲጻፍ ከ4 ፊደል ማነስ፣ ከ16 መብለጥ የለበትም። ቡና በእኛ ሁለት ፊደል ነው፤ በእነሱ ግን ልክ 4 ይሞላል። አቦልም በእነሱ ልክ 4 ነው። እኔ በጣም የምወደው ግን ሌላውን ደንብ ነው። የኮከቡና የፕላኔቱ ስም ከአንድ ወገን መምጣት አለበት፤ ወደፊት እዚያው ሌላ ፕላኔት ቢገኝ ከዚያው ወገን ስም እንዲተርፍለት። እናቴ ደንቡን ሳታነብ የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

ኮከቡን አይቼዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ከአንድ አስጎብኚ ዘመዴ ባይኖኩላር ተውሼ ከከተማ ወጣ አልኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፊቴን ወደ ሰሜን አዞርኩ። መጀመሪያ አልማክ የሚባለውን ደማቅ ኮከብ ያዝኩ። ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ኤም 34 የሚባለው የከዋክብት ክምችት ጋ ስደርስ፣ እንደተበተነ ጨው ፈሰስ ብሎ ታየኝ። ቡና እሱ አጠገብ ነው። ደብዘዝ ያለች ነጥብ ናት፤ በባዶ ዓይን አትታይም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ክርኔን መኪናው ላይ አስደግፌ ነው ያየኋት። ብርሃኗ ከዚያ ተነስቶ እዚህ ለመድረስ 200 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። አቦል ራሱ አይታይም። ኮከቡ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ነው፣ በፈረንጆቹ 2009፣ የሚስበው ነገር እንዳለ የታወቀው። ክብደቱ ከጁፒተር 4 እጥፍ ይበልጣል። አንድ ዓመቱ የእኛን ሁለት ዓመት ተኩል ያልፋል።

ያለበት የከዋክብት ስብስብ አንድሮሜዳ ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የእነሱ ኢትዮጵያ የዛሬውን ወሰን ባይከተልም፣ ይህን ሳውቅ ውስጤ ሞቅ ብሎኛል።

ክፍል ውስጥ ይህን ሳወራ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ በመጽሐፋችን መሠረት አቦል ፕላኔት አይደለም» አለኝ። ትክክል ነው። በፈረንጆቹ 2006 ፕራግ ላይ በጸደቀው ትርጉም ፕላኔት ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ፀሐይን መዞር፣ በራሱ ስበት መድቦልቦል፣ የሚዞርበትን መንገድ ከሌሎች አካላት ማጽዳት። ፕሉቶ የወደቀው በሦስተኛው ነው፤ መንገዱን ከብዙ በረዷማ አካላት ጋር ይጋራል። አቦል ደግሞ ገና በመጀመሪያው ይወድቃል፤ የሚዞረው የእኛን ፀሐይ አይደለምና። በሌሎች ኮከቦች ዙሪያ ላሉት ለብቻው የተቀመጠ መስፈርት አለ። ዋናው ነገር ክብደታቸው ከጁፒተር 13 እጥፍ ገደማ እንዳያልፍ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ውስጡ ዲውቴሪየም የሚባለውን ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት ማቃጠል ይጀምራልና ከፕላኔትነት ይወጣል።

የፕሉቶ ውሳኔ ልክ ነበር እላለሁ። ፀሐይን ብቻ መለኪያ ማድረጉ ግን ጠባብ ነው። ስም ያወጣንለትን ዓለም የሚያቅፍ አንድ ትርጉም ቢመጣ ደስ ይለኛል። ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

እናቴ ይህን ሁሉ ስዘረዝር ውኃ ጨምራ ጀበናውን ከሰሉ ላይ መልሳዋለች።

«እስካሁን የተገኘው አንዱ ብቻ ነው» አልኳት። «ሌላ ቢገኝ ግን ቶና የሚለውን ስም ማቅረብ ይቻላል።»

ጀበናው ገነፈለ። ፈጠን ብላ አወረደችው።

«በረካም እንዳለ ንገሪያቸው» አለችኝና ሲኒዬን ተቀበለችኝ።