ለድንኳን ጉዞ ፍራሽ ስትገዙ ለሁሉም አንድ ዓይነት አትግዙ

ቤተሰብ ይዞ ድንኳን ውስጥ ለማደር የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጭንቀቱን የሚጨርሰው ድንኳኑ ላይ ነው። ስንት ሰው ይይዛል? ዝናብ ያስገባል? ለመትከል ይከብዳል? ፍራሹ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም "አራት ነን፣ አራት ስጠኝ" ተብሎ። እኔ ከድንኳኑ በፊት ፍራሹ ይታሰብ ባይ ነኝ። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ልጅ ጠዋት ላይ ምንም ብታሳዩት አያስደስተውም። ወገቡን የያዘው አባትም እንደዚያው።

ብዙ ሰው ፍራሽ ሲገዛ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ልስላሴውን ብቻ ያያል። ድንኳን ውስጥ ግን ፍራሽ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ከጠጠርና ከሥራሥር ማዳን ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ከመሬቱ ብርድ መለየት ነው። ቀዝቃዛ መሬት ሌሊቱን ሙሉ ከሰውነታችን ሙቀት ይስባል። "ስሊፒንግ ባግ አለን እኮ" የሚል አይጠፋም። የስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ተገብቶ የሚተኛበት ከረጢት) ሙቀት የሚገኘው ግን በሙሌቱ መካከል ከተያዘው አየር ነው። ስንተኛበት ከሥራችን ያለው ሙሌት ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል። ስለዚህ ከላይ የቱንም ያህል ወፍራም ብትለብሱ፣ ጀርባችሁን የሚያሞቀው ፍራሹ ነው።

ይህን የሚነግራችሁ አር ቫልዩ የሚባለው ቁጥር ነው። ፍራሹ ሙቀት እንዳያመልጥ ምን ያህል እንደሚከላከል ያሳያል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሞቃል። ድሮ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ይለካ ስለነበር የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤ ኤስ ቲ ኤም ኤፍ 3340 የተባለ የጋራ መለኪያ ከወጣ በኋላ፣ በዚያ መለኪያ የተለኩትን ያለ ሥጋት ማወዳደር ይቻላል። በግምት ለሞቃት ሌሊት 2 አካባቢ ይበቃል። ቀዝቀዝ ለሚል ቦታ 3 ወይም 4 ፈልጉ። ውርጭ ባለበት ከ5 በታች አልመክርም። ደስ የሚለው ነገር ቁጥሩ የሚደመር መሆኑ ነው። 2 ያለውን ፍራሽ 3 ካለው ሥር ብታነጥፉ 5 ይሆንላችኋል። ቤት ያለውን ስስ ስፖንጅ ከመጣላችሁ በፊት ይህን አስቡ።

አሁን ብዙ ቤተሰብ የሚሸወድበት ጋ ደረስን። ያ ትልቁ፣ ለእንግዳ ቤት ውስጥ የሚነፋው የአየር ፍራሽ! ከፍታው ሃያ ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ሲያዩትም አልጋ ነው የሚመስለው። ውስጡ ግን ባዶ አየር ነው፣ ሙሌት የለውም። ያ አየር ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ከላይ የሰጣችሁትን ሙቀት ይዞ እየተዘዋወረ ለመሬቱ ያስረክባል። ለዚህ ነው ሰው ወፍራም ፍራሽ ላይ ተኝቶ ሲንቀጠቀጥ የሚያድረው። ካላችሁ አትጣሉት፣ ግን ከላዩ ላይ ስፖንጅ ወይም ወፈር ያለ ብርድ ልብስ አንጥፉበት፣ ወይም ለሞቃት ወቅት ብቻ አውጡት።

ከዚያ ውጪ ያሉት ሦስት ናቸው። ጠንከር ያለው ተጣጣፊ ስፖንጅ አይበሳም፣ አይነፋም፣ ቀላል ነው፣ ቀን ቀን መቀመጫም ይሆናል፤ ግን ስስ ነው፣ የሙቀት ቁጥሩም 2 አካባቢ ነው። ቫልቩ ሲከፈት ራሱ አየር የሚስበው ደግሞ አለ። እሱን ያመጡት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቦይንግ ሥራቸውን ያጡ የሲያትል መሐንዲሶች ናቸው፤ ቴርማረስት የሚባለው ስም የመጣው ከእነሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የታመቀ ስፖንጅ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ለመመለስ አየር ይስባል፣ ያንን አየር ቫልቭ ዘግታችሁ ትይዙታላችሁ። ሦስተኛው በውስጡ ሙቀት ያዥ ሙሌት ወይም ሙቀት መላሽ ሽፋን የተደረገበት የአየር ፍራሽ ነው። ሲጠቀለል ትንሽ ይሆናል፣ ለሚሸከም ሰው ግሩም ነው፤ በተገላበጡ ቁጥር የሚንኮሻኮሽ ግን አለ፣ እንቅልፉ ስስ የሆነ ሰው አጠገብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በመኪና የምትሄዱ ከሆነ እኔ ለአዋቂ ያለ ማመንታት የምመርጠው ወፈር ያለውን፣ ራሱን የሚነፋውን ነው። ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል። ግን ጭነቱ የእናንተ ጀርባ ላይ አይደለም።

እንግዲህ ሰው በሰው እንየው። በጎኑ የሚተኛ ሰው ክብደቱ ዳሌና ትከሻው ላይ ስለሚያርፍ፣ ሰባት ስምንት ሴንቲሜትር የማይሞላ ፍራሽ ላይ አጥንቱ መሬት ሊነካ ይችላል። በጀርባው የሚተኛው በቀጭኑም አይከፋውም። ልጆች ቀላል ስለሆኑ አይሰምጡም፤ ለእነሱ ውፍረቱ ሳይሆን ሙቀቱና ስፋቱ ነው ቁም ነገሩ፣ ምክንያቱም ሌሊት ከፍራሹ ተንከባለው ይወርዳሉ። መሃል አስተኟቸው። በአዋቂዎቹ ፍራሾች ታጥረው ያድራሉ።

ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካለ ግን እባካችሁ በአየር ፍራሽ ላይ አታስተኙት። የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት ደጋግመው የሚያስጠነቅቁበት ጉዳይ ነው። ለስላሳና የሚሰምጥ ነገር ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። ሕፃን የሚያስፈልገው ጠንካራና ጠፍጣፋ፣ የራሱ የሆነ መኝታ ነው፤ ተንቀሳቃሽ የሕፃን አልጋ ይዛችሁ ሂዱ።

እናትና አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ ስለ መተኛቱ ብቻ አታስቡ፣ ስለ መነሣቱም አስቡ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከመሬት ለመነሣት ሌላ ሰው መቀስቀስ አለበት፣ ያንን ደግሞ ብዙዎቹ አያደርጉትም፤ ጨለማ ውስጥ ብቻቸውን ይታገላሉ። ለእነሱ ተጣጣፊ የካምፕ አልጋ አምጡ። ከሥሩ አየር ስለሚያልፍ አልጋው ብቻውን ይበርዳል፣ ስለዚህ ከላዩ ፍራሽ ይነጠፍበት።

ለጥንዶች የሚሸጠው ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ጥሩ ነው፣ ግን ውስጡ ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ጠይቁ። አንድ ወጥ ከሆነ ከባዱ ሰው ሲገላበጥ ቀላሉ ይነሣል። ሁለት ነጠላ አጠጋግቶ በማሰሪያ ማያያዝም ይቻላል፣ አንድ ሰፊ አንሶላ ከላይ ከተወጠረበት ክፍተቱ ብዙም አይሰማም። የጥጥ አንሶላው ሌላም ጥቅም አለው፤ ስሊፒንግ ባጉ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። መሬቱ ትንሽ ዘንበል ካለ ሌሊቱን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ ከመንሸራተት ያድናል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሜትር አውጡ። "የአራት ሰው ድንኳን" የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚሰላው ጠባብ ፍራሽ ታስቦ ነው። ሰፋ ያለ ፍራሽ 64 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ አራቱ ጎን ለጎን 256 ይሆናሉ። የድንኳናችሁ ወለል 240 ከሆነ አይገባም። ለአዋቂ ሰፊ፣ ለልጅ ጠባብ ብታደርጉ ግን ይገባል፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት አትግዙ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ገዝታችሁ ስትመጡ ቤት ውስጥ ባዶ ወለል ላይ እደሩበት። ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ መጋደም ምንም አይነግራችሁም። በጎን ተኝታችሁ ከዳሌያችሁ ሥር ያለውን ፍራሽ በእጃችሁ ጫን አድርጉ፤ ወለሉ ከተሰማችሁ አየር ጨምሩ፣ ካልሆነም ፍራሹ ለእናንተ ቀጭን ነው። ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ግን አትንፉት፤ ትንሽ ለቀቅ ያለ ነው ሰውነትን የሚቀበለው። ልጆቹንም የየራሳቸውን እንዲነፉና እንዲጠቀልሉ አለማምዷቸው፣ ደስ ይላቸዋል፣ ከጨለማ በኋላ ስትደርሱም ያግዟችኋል። መንፊያ ከረጢት ወይም ፓምፕ ካለ በአፍ አትንፉ። ከትንፋሽ የሚገባው እርጥበት ውስጡ ሻጋታ ሊያመጣ ይችላል።

ሌሊት ላይ ፍራሹ ላላ ብሎ ስታገኙት ወዲያው ተበሳ አትበሉ። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ከመተኛታችሁ በፊት፣ ብርዱ ከገባ በኋላ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ጨምሩበት። ቀን ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ጥብቅ ተደርጎ የተነፋ ፍራሽ አየሩ ሲሞቅ ይሰፋና ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ሊላቀቅ ይችላል። አንዴ ካበጠ ደግሞ አይጠገንም። ጠዋት ስትወጡ ቫልቩን ከፈት አድርጉት።

እውነት ከተበሳ የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ለጥፉበት። መለጠፊያው ከፍራሹ ጋር ይጓዝ፣ ቤት መሳቢያ ውስጥ አይቅር። ከጉዞ ስትመለሱ ራሱን የሚነፋውን ፍራሽ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት። ቫልቩን ከፍታችሁ ከአልጋ ሥር ዘርግታችሁ ተዉት። ለወራት ታምቆ የቆየ ስፖንጅ አየር መሳብ ያቅተዋል።