ለሁለት ብቻ በአንድ ገመድ፦ ግግር በረዶ ላይ እስካሁን የደረስንበት

እኔና ጓደኛዬ ግግር በረዶ የለበሱ ተራሮችን ከሌሎች ጋር በቡድን ስንወጣ ቆይተናል። አሁን ደግሞ ያለ መሪ፣ ሁለታችን ብቻ በአንድ ገመድ ታስረን መሄድ እየተለማመድን ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ያላችሁ እንደምትኖሩ ስለማስብ የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

ለሁለት መሄድ ከቡድን ጉዞ በጣም ይለያል። አራት ሆናችሁ አንዱ ስንጥቅ (ግግር በረዶው ተሰንጥቆ የሚፈጠር ጥልቅ ገደል) ውስጥ ቢገባ ሦስቱ ይይዙታል። ለሁለት ከሆነ ግን አንዱ ወደቀ ማለት ሌላው ብቻውን ቀረ ማለት ነው። የበረዶ መጥረቢያውን በረዶው ላይ ሰክቶ፣ በደረቱ ተኝቶ የጓደኛውን ክብደት ይይዛል፤ እንደተኛ፣ ገመዱ ወገቡን እየጎተተው፣ በረዶ ቆፍሮ ገመዱ የሚታሰርበት ካስማ ይሠራል፤ ክብደቱን ወደ ካስማው ያዛውራል፤ ከዚያ ገና ማውጣቱ ይጀመራል። ለዚህ ነው ስለ ጫፍ ከማውራታችን በፊት «ብትወድቅ ብቻዬን ላወጣህ እችላለሁ ወይ?» የሚለውን ያስቀደምነው።

መሃላችን ላይ 15 ሜትር ያህል ገመድ እንተዋለን። የቀረውን እኩል ተካፍለን ጠቅልለን እንሸከማለን፣ ምክንያቱም ላይ የቀረው ሰው ወደ ታች የሚልከው ትርፍ ገመድ ያስፈልገዋል። መሃል ባለው ገመድ ላይ ደግሞ ወፋፍራም ቋጠሮዎች እናስራለን። ሰው ሲወድቅ ገመዱ የስንጥቁን አፍ እየከረከረ ወደ በረዶው ይሰምጣል፣ ቋጠሮው እዚያ ይነከስና ላይ ያለውን ሰው ያግዘዋል። ልዩነቱን ስትሞክሩት ታዩታላችሁ፣ እኔ በጣም ነው የገረመኝ።

ግን ቋጠሮው ዕዳም አለው። ያው የተነከሰ ገመድ ወደ ላይ አይጎተትም፣ ስለዚህ በትርፉ ገመድ መሥራት ግድ ነው። የወደቀው ሰው በራሱ ልውጣ ካለም እያንዳንዱን ቋጠሮ ማለፍ አለበት። የሚወጣው በፕሩሲክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ ያስተዋወቀው፣ በቀጭን ገመድ የሚታሰር ቋጠሮ፣ ክብደት ሲያርፍበት ዋናውን ገመድ አንቆ የሚይዝ፣ ክብደቱ ሲነሳለት የሚንሸራተት። አንዱን ፕሩሲክ ፈትቶ ከቋጠሮው በላይ መልሶ ማሰር፣ ተንጠልጥሎ፣ ወፍራም ጓንት አድርጎ! ብዙ ጊዜ የሰጠነው ለዚህ ነው። ቦርሳን ቶሎ አውልቆ ከመታጠቂያው ሥር ማንጠልጠልም ወሳኝ ሆኖ አግኝተነዋል፣ አለበለዚያ ወደ ኋላ ይገለብጣችኋል።

ለካስማው፣ በረዶው ለስላሳ ከሆነ መጥረቢያውን ከሚጎተትበት አቅጣጫ ጋር አግድም አድርገን ጠለቅ ብለን እንቀብረዋለን። ጠንካራ በረዶ ከሆነ የበረዶ ቪቴ ይሻላል። ከዚያ ገመዱን በካራቢነር (ተከፍቶ በሚዘጋ የብረት ቀለበት) እያዞርን ጉልበታችንን ሦስት እጥፍ የሚያደርገውን አሠራር እንዘረጋለን። በወረቀት ላይ ሦስት እጥፍ ነው፣ በተግባር ፍትጊያው ብዙውን ይበላዋል። ትርፉን ገመድ ከመላካችን በፊት የስንጥቁ አፍ ላይ ቦርሳ ወይም ዱላ እናስቀምጣለን፣ እሱም እንዳይሰምጥ።

ስለ አካሄድ ትንሽ ልበል። ገመዱ በረዶውን ለመንካት ያህል ብቻ ይርገብ፤ ከዚያ በላይ ከላላ የወደቀው ሰው ፍጥነት ስለሚጨምር መያዝ ይከብዳል። ስንጥቆቹን በቀጥታ እናቋርጣለን እንጂ ጎን ለጎን አንከተላቸውም፣ ሁለታችንም አንድ ስንጥቅ ላይ እንዳንገኝ።

እ.ኤ.አ. በ1786 የአልፕስ ተራሮች ከፍተኛ በሆነው በሞን ብላን ጫፍ ላይ መጀመሪያ የደረሱት ባልማና ፓካርም ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ያውም ያለ ገመድ፣ ረጃጅም ዱላ ይዘው። ባሰብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል። ቢሆንም ሁለት መሆን ይበቃል ለሚል ሰው ይህን ማስረጃ አድርጌ አላቀርብም።

ሰዓትን በተመለከተ፣ የምንነሳው ሌሊት ነው። ስንጥቅ የሚሸፍነው የበረዶ ድልድይ ሌሊት ይጠነክራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል። በቅርቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወጣን፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ስላደረ በረዶው ሙቀቱን አልለቀቀም፣ ሳይጠነክር ነው ያደረው። እግራችን እስከ ጉልበት ይገባ ነበር። ጓደኛዬ «እንመለስ» አለ፣ ተመለስን። ከመካከላችን አንዱ ይህን ቃል ካለ ሌላው አይከራከርም፣ ማታውኑ የምንስማማበት ነገር ነው። በዚህ ውሳኔ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ለእኔ ከዚህ ዓመት ጉዟችን ትልቁ እድገት እሱ ነው።

ከፍታውን በተመለከተ ከ3000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታችንን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አንጨምርም። መነጽር ደግሞ ደመናም ቢሆን አይወልቅም።

ቀጥሎ የምንለማመደው የወደቀው ሰው ራሱን ስቶ ምንም ማገዝ የማይችልበትን ሁኔታ ነው። ስንጥቅ በሌለበት ዳገት ላይ፣ ከባድ ቦርሳ ገመዱ ላይ አስረን። እስካሁን ካየነው ሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ለሁለት የምትሄዱ ካላችሁ፣ መሃል ላይ ስንት ቋጠሮ ነው የምታስሩት? በመካከላቸውስ ምን ያህል ርቀት ትተዋላችሁ?